መብራት በጠፋበት ሌሊት ካሜራዎቹ ምን ይቀዱ ነበር? የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ይገኛል። ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ከጀርባው ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፤ ዙሪያውን በግንብ ታጥሯል። አራት የደህንነት ካሜራዎች ተገጥመውለታል። የአራቱም ምስል የሚቀመጠው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ባለ የኔትወርክ ማከማቻ (ከቤቱ ኔትወርክ ጋር የተገናኘ የዲስኮች ሣጥን) ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ከውጭ በር አጠገብ የነበረው የውኃ ቆጣሪ በሌሊት ተነቅሎ ሲወሰድ ከአራቱ ካሜራዎች የአንዱም ቅጂ ሊገኝ አልቻለም።

ጥርጣሬው ቶሎ ያረፈው በዘበኛው ላይ ነው። ካሜራዎቹ ለወራት ያለ እንከን ሲሠሩ ቆይተው ያችን ሌሊት ብቻ መርጠው የሚታወሩበት ምክንያት ለቤተሰቡ አልታየውም፤ «የሰው እጅ አለበት» ተባለ። እኔ የተጠራሁት ቆጣሪውን ለመፈለግ ሳይሆን ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ነበር።

አገጣጠሙ ከመሠረቱ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። ቤቱ ከዚህ በፊት ተዘርፎ ያውቃል። ያኔ የነበሩት ካሜራዎች ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ወደተቀመጠ ዲቪአር (የምስል መቅጃ ሣጥን) ይቀዱ ነበርና ሌባው ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ዲቪአሩንም አብሮ አነሣው፤ የራሱን ምስል በብብቱ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው የቤቱ ልጅ ይህን ሰምቶ ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ገዝቶ በሰው ሻንጣ ላከ። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑት ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ስለሚሠሩ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል፤ ጠቅላላው ቦታም 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ነው። የተመረጡት ዲስኮችም ሌት ተቀን ለመጻፍ የተሠሩ፣ ለካሜራ ሥራ የሚሸጡ ዓይነቶች ናቸው። የቤት ኮምፒውተር ዲስክ እንዲህ ላለ ሥራ አልተሠራም።

ካሜራዎቹን የገጠመው ባለሙያ ዋይፋይን ትቶ ኬብል ዘረጋ። በፒኦኢ ስዊች (ለካሜራዎቹ ኃይልም በሚያከፋፍል የኔትወርክ ማገናኛ) አማካይነት አንዱ ኬብል መረጃውንም ኃይሉንም ያደርሳል፤ እስከ 100 ሜትር ርቀት ድረስም ይሠራል። ለካሜራ ይህን የሚስተካከል ምርጫ የለም። ዋይፋይን ለማወክ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለፈ ኬብልን ግን ሌባው መጀመሪያ ማግኘት አለበት።

የቦታው ስሌትም በትክክል ተሠርቷል። እያንዳንዱ ካሜራ በኤች.265 የቪዲዮ አጨማመቅ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይልካል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ነው፤ በ86,400 ሰከንዶች ሲባዛ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ካሜራ 625 ጊጋባይት ተመድቦለታል። ስለዚህ ወደ 29 ቀን የሚጠጋ ቅጂ ይኖራል፤ ቦታው ሲሞላ ካሜራው የመጨረሻ አሮጌውን እየሰረዘ አዲሱን ይጽፋል። የቀረው 1.5 ቴራባይት የቤተሰቡ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች ማስቀመጫ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ለካሜራ ገደብ ካልተቀመጠለት ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይበላል።

ካሜራን ከማከማቻ ጋር ለማገናኘት ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። ማከማቻው ላይ የሚጫን የቀረጻ ፕሮግራም ምስሉን ከካሜራው በአርቲኤስፒ (የቀጥታ ምስል ማስተላለፊያ ደንብ) እየሳበ ይቀዳል፤ አለዚያ ካሜራው እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ ፋይል በኤፍቲፒ (የፋይል መላኪያ ደንብ) ይልካል፤ አለዚያም ካሜራው ራሱ የማከማቻውን ፎልደር እንደ ገዛ ዲስኩ ቆጥሮ ያለማቋረጥ ይጽፍበታል። የመጀመሪያው መንገድ ምቹ ነው፤ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ለምሳሌ የማከማቻ አምራቹ ሲኖሎጂ ከአብዛኞቹ ማከማቻዎቹ ጋር በነፃ የሚሰጠው የሁለት ካሜራ ፈቃድ ነው፤ ለሌሎቹ ይከፈላል። የእንቅስቃሴው መንገድ ደግሞ በክረምት ዝናብና መብራቱን የከበበ የእሳት እራት ሁሉ «እንቅስቃሴ» እየሆነ ሰውን ያሰለቻል። ቤተሰቡ ሦስተኛውን መረጠ። ካሜራዎቹ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ራሳቸው ይሰርዛሉ። ይህ ሥልጣን በኋላ ምን እንዳመጣ እናያለን።

ባለሙያው ሌላም የሚመሰገን ነገር አድርጓል። ካሜራዎቹ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ ራውተሩ ላይ ዘግቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተባይ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ዲቪአሮች በብዛት ማርኮ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲያጠቃ፣ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራን ከኢንተርኔት ማራቅ የጥንቃቄ ሁሉ መጀመሪያ ነው። የጠፋችዋ ሌሊት የጠፋችው ግን ከዚሁ ጥንቃቄ የተነሣ መሆኑ ነው ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝ።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከስዊቹ ጋር አገናኝቼ ስቀመጥ የቤቱ እመቤት ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ሰውዬ ነካክቶት ነው አይደል?»

«እትዬ፣ መዝገቡን ሳላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

በመጀመሪያ የውጭ በሩን ካሜራ ፎልደር ከፈትኩ። ካሜራው ለየቀኑ በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር የተሰየመ ፎልደር ይሠራል። ዝርዝሩ እስከ ስርቆቱ ዋዜማ ድረስ ሙሉ ነበር፤ የመጨረሻው ፋይል የሚያበቃው 22:47 ላይ፣ ማለትም ምሽት 4 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። የሌሎቹ ሦስት ካሜራዎች የመጨረሻ ፋይልም በዚያችው ደቂቃ ይቆማል። ሰው አንድ ካሜራ ይነቅላል፤ መሰላል ይዞ ዞሮ አራት ካሜራ ሊነቅልም ይችላል፤ አራቱን በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋው ግን ከስዊቹ የሚቋረጥ ኃይል ነው። ስዊቹ ደግሞ ቁልፉ በእመቤቲቱ እጅ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። የማከማቻው የራሱ መዝገብ ነገሩን አረጋገጠው፤ በዚያችው ደቂቃ ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚተካ ዕቃ) ባትሪ ተዛውሯል፣ ባትሪው ሲያልቅ በሥርዓት ራሱን ዘግቷል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16 ላይ ደግሞ ኃይል ሲያገኝ ተነሥቷል። መብራት ጠፍቶ መጥቷል ማለት ነው። ዩፒኤሱ የተሰጠው ለማከማቻው ብቻ ነበር፤ ስዊቹ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበርና ካሜራዎቹ ከሰፈሩ ጋር አብረው ጠፉ።

ከ8 ሰዓት ከ16 በኋላ ያለው ጊዜስ? እስኪነጋ ድረስ ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያህል ይቀራል፤ ካሜራዎቹም በርተዋል፤ የሌሊት ብርሃናቸው ሲቀላ ዘበኛው ራሱ አይቷል። በፎልደሩ ዝርዝር አናት ላይ አንድ እንግዳ ነገር ያየሁት ይህን ስፈልግ ነው። እመቤቲቱም አዩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? 1970 ይላል። በቀይ ሽብር ጊዜ ካሜራ ነበረ እንዴ?»

«በፈረንጅ አቆጣጠር ነው እትዬ። በእኛ ታኅሣሥ 1962 ማለት ነው።»

«ያኔማ ጃንሆይ ነበሩ» አሉና ሣቁ።

ካሜራዎቹ እንደ አብዛኛው ኔትወርክ ዕቃ ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ሰዓት የሚያቆይ የራሳቸው ባትሪ ስለሌላቸው ኃይል ሲቋረጥባቸው ዘመኑን ይረሳሉ፤ ሲነሡ ከዜሮ ይጀምራሉ። በደህናው ቀን ይህ ችግር አይታወቅም፤ ካሜራው እንደተነሣ ኢንተርኔት ላይ ያለ የሰዓት አገልጋይ ጠይቆ ራሱን ያርማል። የእነዚህ ካሜራዎች የኢንተርኔት መንገድ ግን ተዘግቷል። ሰዓታቸው ሲገጠሙ አንድ ጊዜ ከባለሙያው ኮምፒውተር ተስተካክሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት የጠፉት መብራቶች አጫጭር ስለነበሩ ይሁን ባለሙያው ተመልሶ አስተካክሎላቸው ይሁን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ብቻ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ሠርቶ ነበር።

በውጭ በሩ ካሜራ ስክሪን ላይ ያነበብኩት ጃንዋሪ 4 ቀን 1970፣ 09:04 ይል ነበር። የግድግዳው ሰዓት ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ከ20፣ ማለትም 11:20 ነው። ካሜራው ከተነሣ ሦስት ቀን ከ9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ሆኖታል ማለት ነው። ከ11:20 ላይ ይህን ስንቀንስ ከሦስት ቀን በፊት 02:16 ላይ እንደርሳለን፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16። የተሳሳተው ሰዓት መብራት የመጣበትን ደቂቃ ከማከማቻው መዝገብ ጋር እኩል መሰከረ።

እዚህ ላይ የሰራዡን ሥልጣን እናስታውስ። 625 ጊጋባይቱ ሞልቷል፤ ካሜራው አዲስ ፋይል ለመጻፍ የመጨረሻ አሮጌውን መሰረዝ አለበት። በፎልደሩ ውስጥ ከሁሉ አሮጌ ሆኖ የሚታየው የ1970ው ነው። ስለዚህ ካሜራው አንድ ሰዓት ይቀዳና የቀደመውን ሰዓት ይሰርዛል፤ እንደገና ይቀዳል፣ የቀዳውን ይሰርዛል። ገና ያልደረቀውን ቀለም እየላሰ የሚጽፍ ጸሐፊ ማለት ነው። ከወር በፊት የተቀዱ፣ በሥርዓቱ ቢሆን መሰረዝ የነበረባቸው ቀኖች ሳይነኩ ተቀምጠዋል፤ የምንፈልጋት ሌሊት ግን ከሦስት ቀን በፊት ተበልታለች። ዲስኩ ላይ ተቆፍራ ልትወጣ ትችል እንደሆነ ተመልክቼ ነበር። ሦስት ቀን በላይዋ ተጽፎባታልና ዋጋ አልነበረውም።

ከአራቱ ካሜራዎች ሁለቱ አዳዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ ናቸው፤ እስካሁን ያልኩት የአዳዲሶቹ ታሪክ ነው። ሁለቱ አሮጌዎች ደግሞ ከነጭራሹ አልጻፉም። ካሜራ ኃይል ካገኘ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሣል፤ ማከማቻው ዲስኮቹን አሽከርክሮ፣ ፋይሎቹን ፈትሾ ለሥራ ዝግጁ ለመሆን ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አዳዲሶቹ ማከማቻውን ሲያጡት ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። አሮጌዎቹ ግን ሲነሡ አንድ ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ካልተከፈተላቸው ቀጣዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አይመለሱም። የዲስክ ገጻቸው «አልተገናኘም» ይላል፤ ስልክ ላይ ግን የቀጥታ ምስላቸው ጥርት ብሎ ይታያል። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ በማከማቻው በኩል በየቀኑ እያየ «ካሜራዎቹ ደህና ናቸው» ሲል የከረመው ለዚህ ነው። የቀጥታ ምስል ማየት ቀረጻ መኖሩን አያሳይም። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ለእመቤቲቱ የሰጠሁት መልስ እንዲህ ነው፦ ማንም አልነካውም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ47 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16 ካሜራ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁለቱ ቀድተው አጥፍተውታል፣ ሁለቱ አልቀዱትም። ሌባው በየትኛው ሰዓት እንደመጣ ከእንግዲህ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ዘበኛው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። እትዬ «በል ጋሼ፣ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ» አሉት፤ እሱም «ኧረ ምን ገዶኝ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደስ እንዳላለው ግን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ማስተካከያው የተጀመረው ከሰዓቱ ነው። ማከማቻው እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር በውስጡ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስላለችው መብራት ቢጠፋም ዘመኑን አይረሳም፤ ወደ ኢንተርኔት የመውጣት ፈቃድም አለው። ስለዚህ ማከማቻው ራሱ የቤቱ የሰዓት አገልጋይ እንዲሆን አገልግሎቱን አበራሁለት፤ በአራቱም ካሜራዎች የኤንቲፒ (የሰዓት አገልጋይ) ሣጥን ውስጥ የነበረውን የውጭ አድራሻ አጥፍቼ የማከማቻውን የቤት ውስጥ አድራሻ ጻፍኩ፤ የሰዓት ክልላቸውንም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ሲደመር 3፣ አመጣሁ። ካሜራዎቹ እንደተዘጉ ናቸው፣ ሰዓታቸው ግን ትክክል ነው።

ቀጥሎ ኃይሉ። ካሜራ በሌሊት ብርሃኑን ሲያበራ 6 ዋት ያህል ይወስዳል፤ አራቱ 24 ዋት። ማከማቻው 20፣ ስዊቹና ራውተሩ 15 ያህል፤ በድምሩ ወደ 60 ዋት። የነበረው ዩፒኤስ 650 ተብሎ ቢጻፍበትም በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ይህ ሁሉን ቢሸከም በሚባክነው ኃይል ምክንያት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ የተገጠመለት ኢንቨርተር ተገዛ። ከ1,200 ዋት ሰዓቱ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ ብክነቱን ቀንሰን 8 ሰዓት ያህል ያዘልቃል። ሌባ ጨለማን ስለሚመርጥ ካሜራዎቹ መሥራት ያለባቸው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው።

ሆኖም ከ8 ሰዓት የሚረዝም መጥፋትም አለና የአነሣሡ ቅደም ተከተል መፍትሔ ያስፈልገው ነበር። ማከማቻው ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ተደረገ። ስዊቹን ማዘግየት ነበር የቀረው። ለዚህ የተሠሩ ውድ ስዊቾች አሉ፤ እኛ ግን መፍትሔውን ያገኘነው ወጥ ቤት ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠው ስታብላይዘር ፊቱ ላይ አንዲት ቁልፍ አለችው፤ ወጣ ስትል 6 ሰከንድ፣ ጫን ስትደረግ 180 ሰከንድ። መብራት ሲመጣ የፍሪጁ ሞተር በድንጋጤ እንዳይቃጠል ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ ነው ኃይል የሚለቀው። ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አሮጌ ስታብላይዘር ነበር። ከኢንቨርተሩ በኋላ፣ ከስዊቹ በፊት አስገባነው። ማከማቻው ወዲያው ይነሣል፤ ስዊቹ ከ180 ሰከንድ በኋላ፤ በዚያ ላይ ካሜራዎቹ ለመነሣት አንድ ደቂቃ ያህል ሲጨምሩ ሁሉም ሲያንኳኩ በሩ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ኢንቨርተሩ ከመብራት ወደ ባትሪ በተዛወረ ቁጥር ስታብላይዘሩ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል የሚል ሥጋት ነበረኝ፤ ሲሞከር ግን አልነቃም።

በዚሁ አጋጣሚ ያገኘሁት ሌላ ነገር ከቆጣሪው የባሰ ኪሳራ ሊያመጣ ይችል ነበር። ከአሮጌዎቹ ካሜራዎች አንዱ የሚችለው የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ (ፎልደር በኔትወርክ የሚጋራበት ደንብ) ሥሪት ብቻ ስለሆነ ለእሱ ሲባል ማከማቻው በሙሉ ይህን አሮጌ ሥሪት እንዲቀበል ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ተባይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በዊንዶውስ ውስጥ በነበረው የዚሁ ሥሪት ቀዳዳ ነው፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፎች በሙሉ ደግሞ በዚሁ ማሽን ላይ ናቸው። ካሜራው ኤንኤፍኤስ የተባለውን ሌላ የመጋሪያ ደንብም ይችል ነበርና ወደዚያ አዛወርኩት። ኤንኤፍኤስ እዚህ ፈቃድ የሚሰጠው በስም ሳይሆን በአድራሻ ስለሆነ ካሜራው የማይለወጥ አድራሻ ተሰጠው። አሮጌው ሥሪት ተዘጋ። ለሌሎቹ ካሜራዎችም ከየራሳቸው ፎልደር በቀር ምንም የማያይ መለያ ተከፈተላቸው፤ እስከዚያ ሁሉም በአስተዳዳሪው ስምና ፓስወርድ ነበር የሚገቡት።

ልጁ ከቨርጂኒያ ለማየት ራውተሩ ላይ የማከማቻውን ገጽ ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ደድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ተባይ ያገኛቸው እንዲህ በቀጥታ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ማከማቻዎችን ነው። በሩን ዘግቼ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) እንዲገባ አደረግን። ትንሽ አጉረመረመ፤ አንድ ቁልፍ ተጨመረበታ።

መንገዱን የሚያየው ካሜራ ፊት ለፊት ያለውን የጎረቤት በርና በረንዳም ጠቅልሎ ያይ ነበር። ወደ ታች አዘነበልኩት፤ የተረፈውንም በካሜራው መሸፈኛ አጠቆርኩት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጉርብትና ጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለእመቤቲቱ ግን ከአዋጁ ይልቅ «ጎረቤትሽ ልብስ ስታሰጣ ትታያለች» ማለቱ በቂ ነበር።

የሰዓት አነባበቡም ትንሽ ሥራ ጠየቀ። እትዬ የሌሊት 7 ሰዓትን ሲፈልጉ 07:00 የሚለውን ይከፍቱና ዳቦ ይዞ የሚገባ ልጅ ያያሉ። ሌሊት 7 ሰዓት በካሜራው 01:00 ነው። በገዛ እጃቸው የጻፉት የሰዓት ሠንጠረዥ አሁን ቁም ሣጥኑ በር ላይ ተለጥፏል።

ከዚያ ፈተናው። ብሬከሩን አውርደን ባትሪው እስኪሟጠጥ ጠበቅን፤ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ብሬከሩን መለስን። ማከማቻው ተነሣ፤ ስታብላይዘሩ ቆጠረ፤ ካሜራዎቹ በሩ፤ አራቱም ፎልደሮች ውስጥ የዕለቱን ቀን የያዘ አዲስ ፋይል ገባ። 1970 አልታየም። የድሮዎቹን የ1970 ፎልደሮች ሰረዝኳቸው። በመጨረሻም ማከማቻው ላይ አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ከአራቱ ፎልደሮች በአንዱ ለአንድ ሰዓት አዲስ ፋይል ካልገባ ለልጁ ኢሜይል ይልካል። የቀጥታ ምስሉን እያየ ከመጽናናት ይህ ይሻለዋል።

ያልተጠናቀቁ ሁለት ነገሮች አሉ። በየካሜራው ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ቢገባ ማከማቻው ቢበላሽ እንኳን ጥቂት ቀን ይተርፋል፤ ለውጭ በሩ ካሜራ ብቻ ተገዝቷል፣ የሌሎቹ በልጁ ሻንጣ ይመጣል ተብሏል። አዲሱ የውኃ ቆጣሪ ደግሞ በብረት ሣጥን ውስጥ ተገጥሞ ከበሩ ካሜራ ፊት ለፊት ተተክሏል፤ ሣጥኑን የበየደው ሰው የቁጥሩን መስኮት ስለረሳው ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ዘበኛው ቁልፍ ይዞ መውጣት አለበት።